የማጥለያ ጨርቅ ለያዛችሁ ልጆች

ልጆች እንደምን ናችሁ። እኔ በጤና ስራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ብዙውን ዘመኔን ጋምቤላ ነው የሰራሁት፣ አቦቦና ጎግ አካባቢ። ለእርሻ ስራም ይሁን ለማር ቆረጣ ጫካ ገብታችሁ የኩሬ ውሃ የምትጠጡ አላችሁና ስለ ጨርቃችሁ አያያዝ ልንገራችሁ፣ ማደሉማ ቀላል ነው።

ጊኒ ዎርም የሚባለው የትል በሽታ የሚይዘን ውሃው ውስጥ ባለች ለአይን እምብዛም በማትታይ ነፍሳት ነው፣ የትሉን እጭ እንደያዘች እንጠጣታለን ከዛ አመት ገደማ ቆይቶ ትሉ ብዙ ጊዜ እግር በስቶ ይወጣል። መድሃኒትም ክትባትም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1986 በአመት 3.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይይዝ ነበር፣ ዛሬ በአለም ላይ የሚያዘው በጣት የሚቆጠር ነው፣ ለዚህ ካበቁን ነገሮች አንዱ ይሄ ጨርቅ ነው።

እና ጨርቁ ፊትና ጀርባ አለው፣ እባካችሁ ይቺን ያዙልኝ። ዛሬ ነፍሳቷ የቀረችበትን ፊት ነገ ገልብጣችሁ ብታስሩት ያጣራችሁትን መልሳችሁ ጀሪካኑ ውስጥ ጨመራችሁት ማለት ነው። ጠርዙ ላይ ባለ ቀለም ክር ስፉበት፣ ክሩ ሁሌ ወደ ላይ ይሁን። ስትጨርሱ በተጣራ ውሃ እጠቡት፣ እጣቢውን ግን ከኩሬው ራቅ አድርጋችሁ ደረቅ መሬት ላይ ድፉት። ከዛ ፀሀይ ላይ በደንብ ይድረቅ፣ እርጥቡን ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት፣ እሾህ ላይም አታስጡት ይቀደዳል። ሁሌ ከማሰራችሁ በፊት ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት፣ ትንሽ ቀዳዳ ካለችው ቀይሩት።

የታደለው ጨርቅ ከሌለስ? ባንግላዴሽ ውስጥ ሪታ ኮልዌል የሚባሉ አሜሪካዊት ሳይንቲስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሴቶቹ ሳሪ የሚባለውን ረጅም ልብሳቸውን፣ አሮጌውን፣ ቢያንስ አራት እጥፍ አድርገው እንዲያጠሉ አስተምረው ኮሌራ በግማሽ ገደማ ቀንሷል፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ነው። አሮጌው የተመረጠው ሲታጠብ ሲታጠብ ክሩ ስለሚለሰልስና ቀዳዳው ስለሚጠብ ነው። ነጠላም ቢሆን ሸማኔው ስስ አድርጎ ነው የሚሰራው፣ ደጋግማችሁ እጠፉት። አጎበር ግን በፍፁም፣ ቀዳዳው ሰፊ ነው።

ደግሞ ጨርቅ ተቅማጥ የሚያመጣውን ጀርም ሁሉ አይዝም፣ ከተጣራ በኋላ ማፍላት ወይ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ መጨመር አለባችሁ። ትል የወጣበት ሰው ካያችሁ ደግሞ ለማቀዝቀዝ ብሎ እግሩን ኩሬ ውስጥ እንዳይነክር አድርጉ፣ ትሉ ውሃ ሲነካው ነው እጩን የሚበትነው፣ በዛው ቀን ለጤና ኬላ ንገሩ።