ለ12ኛ ክፍል ልጆቼ፣ ለወላጆቻችሁም

ልጆቼ፣ ይህን መስከረም ላይ ካነበባችሁት ለብሔራዊ ፈተናው ለመዘጋጀት ጊዜ አላችሁ። ታኅሣሥም ቢሆን አልረፈደም። ሰኔ ከገባ ግን መሀሉን ዝለሉና ወደ መጨረሻው ውረዱ።

የሂሳብ መምህር ነበርኩ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ የሰፈር ልጆች ግን ደብተራቸውን ይዘው መምጣታቸውን አልተዉም። «ጋሼ፣ ከየት ልጀምር?» ይሉኛል። ከ9ኛ ክፍል እላቸዋለሁ። ፊታቸው ይጠቁራል። የ12ኛውን መጽሐፍ ሳይጨርሱ ወደ ኋላ መመለስ ውርደት ይመስላቸዋል። ብሔራዊ ፈተናው ግን ከታችኞቹ ክፍሎችም ይጠይቃል። ደግሞም ካልኩለስ ላይ የሚወድቅ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በካልኩለሱ አይደለም። ዴሪቬቲቩን በትክክል ያወጣል። ከዚያ ክፍልፋይ ማቃለል ያቅተዋል። ያ የ9ኛ ክፍል ዕዳ ነው፤ ከዚያም በታች ሊሆን ይችላል።

ሌላው እንግሊዝኛ ነው። «አንድ ሰብጀክት እኮ ነው» እንዳትሉኝ። ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ኢኮኖሚክሱም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። የማሰብ ችሎታ የሚለካው አፕቲቲዩዱም አንዱ ክፍሉ የቋንቋ ነው። መልሱን እያወቀ ጥያቄው ያልገባው ልጅ ስንቱን አይቻለሁ! ስለዚህ በየቀኑ አንድ ገጽ አንብቡ። ከጂኦግራፊ መጽሐፋችሁም ይሁን፣ ግድ የለም። የማታውቁትን ቃል ጻፉ፤ በማግስቱ ተመለሱበት። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሻችሁም።

የድሮ ፈተናዎችን ሥሩ። ግን ሰዓት ይዛችሁ፣ መልሱን ሳታዩ። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀ መልስ መሸምደድ ጥናት አይደለም። አንድ ፈተና ከሠራችሁ በኋላ ሌላ ለመጀመር አትቸኩሉ። የሳታችኋቸውን አንድ በአንድ እዩ። ሕጉ ጠፍቷችሁ ነው? ሕጉን እያወቃችሁ ስሌት ተሳስታችሁ ነው? ወይስ ጥያቄውን በትክክል አላነበባችሁም? የየአንዳንዱ መድኃኒት የተለያየ ነው።

«ፈተናው ወጥቷል፣ ብር ላኩ» የሚላችሁ አይጠፋም። በግንቦት 2008 እውነትም ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ነበር። ምን ሆነ? ተቋረጠ፤ አንድ ወር ያህል ቆይቶ አዲስ ተዘጋጅቶ ተሰጠ። ገንዘብ የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ተቀመጠ። ሌቦቹ እስከ ዛሬ በዚያ ወሬ ይነግዳሉ።

አሁን ወላጆች፣ ወደ እናንተ ልምጣ። ትንሽ ቆየት ብዬ ላውራችሁ።

ቁጥሩን ታውቁታላችሁ። ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ፈተና 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2016 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ናቸው። ይህን ሁሉ ልጅ ሰነፍ ማለት አይቻልም። ቤተ ሙከራ ሳያይ ኬሚስትሪ የተማረ ልጅ አለ። መምህር ሳይመደብለት መንፈቅ ያለፈው አለ።

ታዲያ ከዚህ ቁጥር ፊት ቆሞ በየቤቱ የማይነሳ ጥያቄ አለ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው 50 በመቶ ካልመጣስ? ማንም አያነሳውም። ሟርት ይመስላል። እኔ ግን መስከረም ላይ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ልጁ ባለበት መነጋገር አለባችሁ እላለሁ። ከ2015 ጀምሮ ሪሜዲያል፣ ማለትም 50 ላልሞላላቸው የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት አለ፤ ትምህርት ሚኒስቴር በሚቆርጠው ነጥብ ውስጥ የገባ ይማራል። በግል ተፈታኝነት እንደገና መቀመጥ አለ። ቴክኒክና ሙያ አለ፤ እባካችሁ ይሄኛውን ፊታችሁን አኮሳትራችሁ አታንሱት። ጥሩ ኤሌክትሪሺያን የት ይገኛል ብላችሁ ስትፈልጉ አውቃችኋለሁ። ልጁ ቢወድቅም አባቱ አብሮት ራት እንደሚበላ ካወቀ ሌሊቱን ይተኛል። የተኛ ልጅ ደግሞ የተሻለ ያጠናል።

አስጠኚ ከመቅጠራችሁ በፊት ሰዓት ስጧቸው። በተለይ ለሴቶቹ። ወንድሟ መጽሐፍ ይዞ ተቀምጦ እሷ ሽንኩርት የምትከትፍበት ቤት ብዙ ነው። ውጤቱ ሲመጣ «እሷማ ከእሱ አነሰች» ይባላል። ለአንድ ዓመት ሥራውን ተካፈሉላት፤ እሱም መክተፍ ይልመድ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ለአስጠኚ ብር የምትልኩ አክስቶችና አጎቶችም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ግን በደወላችሁ ቁጥር «ደረጃህ ስንት ነው?» አትበሉ።

ስለ ፈተናው ሳምንት ጥቂት ልበል። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ መጀመሪያ የሚያድረው ለፈተና ነው። ከዚያ በፊት ዘመድ ቤት አሳድሯቸው፣ ልብሳቸውን ራሳቸው ይጠቡ። ሞባይል ይዞ መግባት አይቻልም፤ ያለ ስልክ መዋልን ከአሁኑ ተለማመዱ። በኮምፒውተር የምትፈተኑ ከሆነ ማውዝ የምትነኩት በዕለቱ መጀመሪያ እንዳይሆን። በወረቀት ከሆነ ጥያቄ ስትዘሉ መልስ መስጫው ላይም መስመሩን ዝለሉ። አንድ መስመር ከተዛባ የተቀረው ሁሉ ይከተላል። ባዶ የተተወ ጥያቄ ዜሮ ነውና ምንም አትተዉ። ከሂሳብ ፈተና ወጥታችሁ ዶርም ውስጥ መልስ አታመሳክሩ፤ የማይመለስ ነገር ላይ እየተጨቃጨቃችሁ የነገውን ታበላሻላችሁ።

ውጤት ሲለቀቅ ደግሞ፣ ወላጆች፣ የመለያ ቁጥሩን ለጎረቤትና ለዘመድ አትበትኑ። ከሁሉም በፊት ልጁ ራሱ ይየው። ከክፍሉ እስኪወጣም በሩን አታንኳኩ።