ከሳህን የወጣው ዕጣ

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ቡና ስንጠጣ፣ ገና አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት የጓደኛዬ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ እርስዎ ሁልጊዜ ምረጡ ምረጡ ይላሉ። ለመሆኑ በአንድ ድምፅ ያለቀ ምርጫ አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ። አባቷ ሳቀ። እኔም ስኒዬን አንስቼ ስለ ትምህርቷ ጠየቅኋት። አይቻለሁ። ያውም በራሴው ሠፈር። ያልነገርኳት አፍሬ ነው።

አሜሪካ የመጣሁት በዲቪ ነው። በ1994 ዓ.ም. አጎቴ ከፖስታ ሳጥኑ አንድ ወፍራም ፖስታ ይዞ መጥቶ በሩ ላይ «ደረሰህ!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። በፈረንጆቹ 2009 ዜግነት ስወስድ ፈታኙ ለዜጎች ብቻ የተሰጠ አንድ ኃላፊነት ጥቀስ ቢለኝ «መምረጥ!» ያልኩት ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ ነበር። በ2012 ኦባማን ለመምረጥ ተሰልፌያለሁ፣ በ2016ም ለፕሬዝዳንት ምርጫ ተሰልፌያለሁ። የምኖርባት የቨርጂኒያ ግዛት የራሷ ምርጫ ግን በጎዶሎ ዓመት ነው። ፕሬዝዳንት የሌለበት ምርጫ ደግሞ ለእኔ ምርጫም አይመስለኝ ነበር።

በ2017 በቨርጂኒያዋ ኒውፖርት ኒውስ ከተማ ፋርማሲስት ነበርኩ። ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ። በየወሩ ትመጣለች፣ ዋጋውን ትጠይቃለች። ከዚያ ከሁለቱ የኢንሱሊን ጠርሙሶች አንዱን በጣቷ ገፋ አድርጋ ትመልስልኛለች። አንድ ቀን ሁለቱንም መለሰችና መርፌውን ብቻ ከፍላ ሄደች። ያኔ በቨርጂኒያ ልጅ የማታሳድግና አካል ጉዳተኛ ያልሆነች ጎልማሳ የቱንም ያህል ብትደኸይ ሜዲኬይድ፣ ማለትም መንግሥት ለድሆች የሚሰጠውን የጤና መድን፣ አታገኝም ነበር። ዴሞክራቶቹ ይህን እንለውጣለን ብለው ነበር የተወዳደሩት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ካውንተር ኋላ የቆመ ሰው ካላወቀ ማን ያውቃል?

ማክሰኞ ኅዳር 7 ከሥራ የወጣሁት አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ድምፅ መስጫው እስከ አንድ ሰዓት ክፍት ነበር፤ ትምህርት ቤቱም መንገዴ ላይ ነው። መኪና ማቆሚያው ሞልቶ አየሁ። እግሬ ደክሟል፣ እርቦኛል። «ያለ እኔም ያሸንፋሉ» ብዬ አለፍኩት። ቤት ገብቼ እራቴን ከበላሁ በኋላ ግን ድካሙ የት እንደገባ እንጃ፣ ከጓደኞቼ ጋር እስከ እኩለ ሌሊት በስልክ ስንከራከር አመሸን። ስለምን? አራት ኪሎ ማን ወርዶ ማን ይወጣል በሚለው! አራት ኪሎ ላይ ቅንጣት ድምፅ የሌለኝ ሰውዬ።

ቆጠራው ሲያልቅ በእኛ በ94ኛው ወረዳ ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ በ10 ድምፅ መራ። ታኅሣሥ ላይ እንደገና ሲቆጠር ዴሞክራቷ ሼሊ ሲሞንድስ በአንድ ድምፅ አለፈች። በማግስቱ ዳኞች የሁለቱም ስም ፊት የተቀለመበትን፣ በአንደኛው ላይ ግን ሰረዝ ያለበትን አንድ ወረቀት ለያንሲ ቆጠሩለት። 11,608 ለ11,608። የቨርጂኒያ ተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ በዚህች ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጥር 4 ቀን 2018 በቨርጂኒያ ዋና ከተማ በሪችመንድ ዕጣ ሊወጣ ሁለቱ ስሞች የካሜራ ፊልም በሚቀመጥባቸው ብልቃጦች ገቡ፣ ብልቃጦቹም ሰማያዊና ነጭ የሸክላ ሳህን ውስጥ። የወጣው ያንሲ ነው። ምክር ቤቱም 51 ለ49 ሆነ።

ይህን በስልኬ ያየሁት እዚያው ፋርማሲ ውስጥ ክኒን እየቆጠርኩ ነው። ቁጥሩ ጠፋኝና እንደገና ጀመርኩ። አሜሪካ ያመጣኝ ዕጣ ነው፤ ዕጣን አልሰድብም። ይህኛው ግን ወደ ሳህኑ የገባው እኔ መኪና ማቆሚያ ስለሞላብኝ ነው።

እውነቱን ለመናገር ሜዲኬይዱ በዚያው ዓመት አለፈ፤ የተወሰኑ ሪፐብሊካኖችም ደግፈውት። ታዲያ ምን ያብሰለስልሃል ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ እንዲሁ እላለሁ፤ አልረዳኝም እንጂ። በ2019 ሲሞንድስ ያንሲን ስታሸንፍ በሩ ሳይከፈት ቆሜ ነበር።

ሊበራል ነኝ ስል አንዳንድ እኩዮቼ ይደነግጣሉ። ኢሕአዴግ «ኒዮሊበራል» የሚለውን ቃል ለስድብ ሲጠቀምበት ስለኖረ ነው መሰለኝ። እዚህ አሜሪካ የሊበራል ትርጉም ሌላ ነው፤ እኔ ግን ፍልስፍናውን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም፣ ከዚያች ሴት ጣት እንጂ። ፓርቲው ግን ፍጹም አይደለም። በ2021 በቨርጂኒያ ገዢ ምርጫ ዕለት፣ አዎ በዚያችው ዕለት፣ የባይደን መንግሥት ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃዋን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምትልክበት ዕድል፣ እንደሚያስወጣ አስታወቀ። ስንቱ የሐዋሳ ፋብሪካ ሠራተኛ እንጀራ ነው! ብዙ ወገኖቻችን ተቆጥተው ለሪፐብሊካኑ ዕጩ ለያንግኪን ሰጡ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ለዴሞክራቱ ሰጠሁ፤ የቨርጂኒያ ገዢ አጎዋን አይወስንማ። አንድ ወዳጄ በዚህ ምክንያት ለወራት አኮረፈኝ። ተሳስቷል እላለሁ፣ ግን አልንቀውም። እሱ ቢያንስ ሄዷል።

እናንተ ደግሞ «ሁለቱም ፓርቲዎች ያው ናቸው» ትላላችሁ። በጋዛም በስደተኛውም ጉዳይ መቆጣታችሁን እወደዋለሁ፤ እኛ በእናንተ ዕድሜ እንዲህ አንናገርም ነበር። ግን ስለ ዋሽንግተን የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ስትሠሩ ውላችሁ፣ ሪችመንድ የሚወክላችሁን ሰው ስም ስጠይቅ ትተያያላችሁ። ወጣት ልወቅስ አልተነሳሁም። እንዲያው ስታናድዱኝ ነው።

ለዚያች ልጅ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። በ2019 የካቲት ላይ የሆቴሏ ሴት አዲስ የሜዲኬይድ ካርድ ይዛ መጣች። ሁለቱንም ጠርሙስ አወጣሁላት፣ ወደ ካውንተሩ ጫፍ አስጠጋሁላት። ዋጋውን አልጠየቀችም። እኔው የምለው ጠፍቶኝ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ እንደሚቀመጥ ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ።