መልስ፦ ትከሻው ወልቆ ለተመለሰለት ወንድምሽ

እህቴ፣ የ19 ዓመቱ ወንድምሽ ኳስ ሲጫወት ትከሻው ወልቆ ሆስፒታል መልሰውለት 3ኛ ሳምንቱን እንደያዘ ጽፈሽ፣ ወጌሻ ይየው ወይ ብለሻል። እባክሽ እንዳይታሽ። አጥንቱ ቦታው ገብቷል፤ የተጎዳው ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘው ጅማትና የመገጣጠሚያው ጎድጓዳ ጠርዝ ነው። እሱ ደግሞ በመታሸትና በመጎተት ይብስበታል እንጂ አይድንም።

ክንዱን ከአንገቱ ያሰሩበትን ማንጠልጠያ ሐኪሙ ከፈቀደለት ያውልቅ። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይበቃል፤ ከዚያ ሲያልፍ ትከሻው ይደርቃል። በጤነኛው እጁ ጠረጴዛ ተደግፎ ጎንበስ ይበልና የተጎዳውን ክንድ ዘና አድርጎ ያንጠልጥል። ክንዱን በራሱ ጉልበት ሳይሆን ሰውነቱን በማወዛወዝ በዝግታ ክብ እያሠራ ያዙረው፤ 1 ደቂቃ ያህል፣ በቀን 3 ጊዜ። ቀጥሎ ክርኑን 90 ዲግሪ አጥፎ ከጎኑ ሳይነጥል ግድግዳ ለ5 ሰከንድ ይግፋ፣ 10 ጊዜ፤ ወደ ውስጥ በመዳፉ፣ ወደ ውጭ በእጁ ጀርባ። ካመመው ግፊቱን ይቀንስ።

እስከ 6 ሳምንት ፈጽሞ የማይደረገው ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ክንድን ወደ ጎን አንስቶ ወደ ኋላ ማዞር ነው። አብዛኛው ትከሻ ወደ ፊት የሚወልቀው በዚሁ አቋም ነው። ሸሚዝ ሲለብስ እንኳ የተጎዳው እጅ ይቅደም። ኳስ ከ3 ወር በፊት አይታሰብ።

የትከሻው ውጨኛ ቆዳ ከደነዘዘ ወይም ክንዱን ወደ ጎን ማንሳት ካቃተው ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ለአጥንት ሐኪም ይታይ። በእሱ ዕድሜ እንደገና የመውለቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ከወለቀ ማንም ቤት ውስጥ እንዳይጎትተው፣ ራጅ ይነሳ፣ ጅማቱን በማግኔት ስለሚያሳየው የኤምአርአይ ምርመራና ስለ ቀዶ ሕክምናም ጠይቁ።