ለሱቅሽ ትንሽ ሽንት ቤት፦ መጀመሪያ ንፋሱን፣ ከዚያ ቀለሙን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር የሐበሻ ልብስ የምትሸጪበትና ቡና የምታቀርቢበት ሱቅ ልትከፍቺ ነው። ከኋላ በደረጃው ስር 1.20 በ1.60 ሜትር የሆነች ሽንት ቤት አለች። ግድግዳዋ እስከ ወገብ ያረጀ ቡናማ ሴራሚክ ነው፣ መስኮቷ ወደ ሐይቁ ይከፈታል፣ ቤቱ ደግሞ ኪራይ ነው። «በትንሽ ብር እንዴት ላሳምራት? ሴራሚኩን አፍርሼ አዲስ ላስነጥፍ ወይስ የሚለጠፈውን ስቲከር ልጠቀም?» ብለሻል።

ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ስለ ቀለምና ስለ አበባ ጥሩ ጥሩ ሐሳብ ሰጥተዋል። እኔ እዚሁ ከተማ ለዓመታት የፊኒሽንግ ሥራ ሠርቻለሁ። ካፌም፣ ቡቲክም፣ ፔንሲዮንም። ባለቤቴ ደግሞ ቁርስ ቤት አላት። ስለዚህ ሥራውንም አውቀዋለሁ፣ ደንበኛ ምን ብሎ እንደሚወጣም እሰማለሁ። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

አንቺ የምትሸጪው ነጭ ልብስ ነው። ይህን ነገር አትርሺው። ወደዚያች ሽንት ቤት የምትገባው ሴት ብዙ ጊዜ ቀሚስ ለብሳለች፣ ነጠላ ደርባለች፣ ቦርሳ ይዛለች፣ አንዳንዴም ልጅ በእጇ አለ። ወለሉ እርጥብ ከሆነ የቀሚሷ ጫፍ ይነክራል። ማንጠልጠያ ከሌለ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ነው የምትቆየው። እንዲህ ሆና የወጣች ሴት ግድግዳው ላይ የሰቀልሽውን ጌጥ አታይልሽም። ነጭ የለበሰች ሴት ገብታ ነጭ እንደለበሰች ከወጣች ግን ሽንት ቤትሽ አምሯል ማለት ነው። እኔ ሁሉንም ነገር የምመዝነው በዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የመስኮቷ ነገር አሳስቦኛል። ሐይቅ ዳር ያለ ቤት የራሱ ጠባይ አለው። ቀን ፀሐይ ስትበረታ የብሱ ከውሃው ቶሎ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ ከጣና ላይ ቀዝቀዝ ያለ ንፋስ ወደ ከተማው ይገባል። ማታ የብሱ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለሽ ፊትሽን የሚነካሽ ንፋስ ይሄው ነው። ለሰው ደስ ይላል። ወደ ሐይቁ ለተከፈተ የሽንት ቤት መስኮት ግን ችግር ነው። ንፋሱ በመስኮቱ ይገባል፣ በበሩ በኩል ሽታውን ይዞ ወደ ሱቅሽ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ልክ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ነው። ብዙ ባለሱቆች «መስኮት አለው፣ ግን ይሸታል» ሲሉኝ ምክንያቱ ይህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስለዚህ አየሩ ከሱቁ ወደ ሽንት ቤቱ፣ ከዚያም ወደ ሰማይ እንዲሄድ አድርጊ። ከሽንት ቤቱ ወደ ሱቁ እንዳይመጣ። እንዴት መሰለሽ? ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ፣ ጣሪያው ከፍ ባለበት በኩል፣ አንዲት ትንሽ አየር ማውጫ ፋን ታስገጥሚያለሽ። ከእሷ ጀርባ የፒቪሲ ቱቦ ይቀጠልና ከቤቱ ጣሪያ በላይ ይወጣል። ጫፉ ላይ ዝናብ እንዳይገባ ክዳን፣ ትንኝ እንዳይገባ ወንፊት ይደረግለታል። ከበሩ ስር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ትተዪለታለሽ። ፋኑ አየር ሲስብ በዚያ ክፍተት ከሱቁ አየር ይገባል። መስኮቷን ከሰዓት በኋላ ዝጊያት፣ ጠዋትና ማታ ክፈቻት። እሷም ወንፊት ያስፈልጋታል፣ የባሕር ዳርን ትንኝ ታውቂዋለሽ። በሩ ደግሞ በራሱ እንዲዘጋ ስፕሪንግ ይኑረው። ይህን ሳታደርጊ ሰንደል ብታጨሺ ሽታው ላይ ሌላ ሽታ መጨመር ብቻ ነው።

አንድ ሌላ የሽታ ምንጭ አለ፣ ሰው ብዙም አያስተውለውም። ወለሉ ላይ ያለው የውሃ ማስወገጃ፣ ፍሎር ድሬን የምንለው፣ ውስጡ ጥቂት ውሃ ይቋጥራል። ከታች የሚመጣውን ሽታ የሚዘጋው ያ ውሃ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ወለሉ ውሃ ካላገኘ ያ ውሃ ይተናል፣ ሽታውም መንገዱ ተከፈተለት ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በሁለትና ሦስት ቀን አንዴ አንድ ጆግ ውሃ አፍሺበት። ሱቁን ዘግተሽ ለበዓል አገር ቤት የምትሄጂ ከሆነ ደግሞ ከውሃው በኋላ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ጨምሪበት። ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ውሃውን ከመትነን ያዘገየዋል።

አሁን ወደ ሴራሚኩ። አታፍርሺው። የኪራይ ቤት ነው፣ የማፍረስና የማስነጠፍ ወጪ ለአከራይሽ ስጦታ ይሆናል። በላዩ ላይ ሌላ ሴራሚክ ማስለጠፍም ይቻላል ይሉሻል፣ እውነት ነው ይቻላል። ግን በሙጫውና በሴራሚኩ ውፍረት ከያንዳንዱ ጎን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይበላብሻል፣ 1.20 ስፋት ላላት ክፍል ያ ቀላል አይደለም። ይልቅ እያንዳንዱን ሴራሚክ በጣትሽ መገጣጠሚያ መታ መታ አድርጊ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ለቋል፣ እሱ ብቻ ወጥቶ ይለጠፍ። ከዚያ በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን የጠቆረ መሙያ፣ ግራውት የምንለውን፣ አስፈቅፍቂና በአዲስ አስሞዪ። አሮጌ ሴራሚክ አሮጌ የሚመስለው ብዙውን ጊዜ በግራውቱ ነው። ሲታደስ ራስሽ ትገረሚያለሽ።

ስቲከሩን በፍጹም አልመክርሽም። በተለይ ያን እንደ ስፖንጅ የሚለሰልሰውን፣ የጡብ ቅርጽ ያለውን። ሳሎን ውስጥ ያምር ይሆናል። እዚህ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት ከጠርዙ ያስለቅቀዋል፣ ከኋላው ደግሞ ሻጋታ ይይዛል። ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል፣ ሲገለጥ ግድግዳው ጠቁሮ ታገኚዋለሽ።

ከሴራሚኩ በላይ ያለውን ግድግዳ ቀለም ቀቢው። ንጹሕ ነጭ አታድርጊ፣ ከቡናማው ጋር ሲቀመጥ ሴራሚኩን የቆሸሸ ያስመስለዋል። ክሬም ወይም ቀለል ያለ የጤፍ ቀለም ውሰጂ፣ ቡናማው ሆን ተብሎ የተመረጠ ይመስላል። የደረጃው ሆድ ወደ ታች የሚያዘነብልበትን ጣሪያም በዚያው ቀለም ቀቢው። ግድግዳውና ጣሪያው የተለያየ ቀለም ሲሆኑ ዓይን መስመሩን ይዞ «ጣሪያው ወረደብኝ» ያሰኛል። አንድ ከሆኑ ማዘንበሉ ይደበቃል። ቀለሙ የሚታጠብ ዓይነት ይሁን፣ በጨርቅ ሲጠረግ እጅ ላይ የሚወጣው ርካሽ ቀለም ነጭ ነጠላ ላይም ይወጣል። ሻጋታ ካለ መጀመሪያ በበረኪና ታጥቦ ይድረቅ። በላዩ ከቀባሽው ተመልሶ ይመጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባትቀቢም ደስ ይለኛል፣ ግድግዳው ውስጡ አይደርቅም።

ብርሽን የምታወጪበት ቦታ ካለ ወለሉ ነው። አንድ ባልዲ ውሃ ድፊበትና ቆመሽ እይ። ውሃው አንድ ጥግ ላይ ከተኛ ወለሉ እንደገና መሠራት አለበት፣ ሌላ መላ የለውም። ደስ የሚለው ነገር ጠቅላላ ስፋቱ 1.92 ካሬ ሜትር ነው። ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው አሥር በመቶ ጨምረሽ ሁለት ካሬ ከጥቂት ይበቃሻል። ሳኒተሪ ዕቃ የሚሸጡት ጋ ከትልቅ ሥራ የተረፈ ጥቂት ካርቶን ሴራሚክ አይጠፋም፣ ጠይቂ። የማያንሸራትት፣ ወዝ የሌለው ይሁን። ቀለሙ መካከለኛ ግራጫ ቢሆን፣ ግራውቱም ግራጫ ቢሆን እመርጣለሁ። በክረምት የከተማችን ጭቃ ከጫማ ጋር ይገባል፣ ነጭ ግራውት አንድ ወር አይቆይም። ባለሙያውን ስትቀጥሪ «በሜትር ሁለት ሴንቲ ወደ ፍሎር ድሬኑ ይውረድ» በይውና ሥራው ሲያልቅ ከመክፈልሽ በፊት በድጋሚ ውሃ ድፊ።

የእጅ መታጠቢያው ከውስጥ ከሆነ ወደ ውጭ፣ በር ላይ፣ ብታወጪው ምን ያህል እንደሚረዳሽ! ቡና ልትጠጣ የመጣች ሴት እጇን ለመታጠብ ብቻ ሽንት ቤት መግባት የለባትም። ሐይቅ ዳር ዓሣ በልተው የሚመጡም ይኖራሉ፣ እጃቸው ይሸታል። እዚያ ፈሳሽ ሳሙናና የተቆረጠ ሎሚ ቢያገኙ አይረሱሽም። ዋናው መስታወትም እዚያው ይሁን። ከመስታወቱ በላይ የሚበራው አምፖል በጣም ቢጫ አይሁን፣ ጥበቡን ለብሰው ሲያዩት እውነተኛ ቀለሙ መታየት አለበት። ውስጥ ግን ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን ክፍሏን ያለሰልሳታል። ውስጥ ያለው አምፖል ቻርጅ የሚይዘው ዓይነት ቢሆን መብራት ሲጠፋ ሰው ጨለማ ውስጥ አይቀርም።

ውሃ ሲጠፋ የሚሆነውን ደግሞ ከአሁኑ አስቢበት። ጣሪያ ላይ ሮቶ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ባለ ቧንቧ የውሃ ባልዲ ጥግ ላይ አስቀምጪ። ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፣ ክፍት ውሃ ትንኝ ያራባል። ንጹሕ ጆግም አጠገቡ ይኑር። ሙስሊም ደንበኞችሽም ሌላውም ብዙ ሰው በውሃ መታጠብ ይፈልጋል። ቢጫ ጀሪካን መሬት ላይ መደርደር ግን ይቅር፣ ያቺን ቦታ ይበላዋል።

ጌጥ ላይ ደርሰናል። እኔ የምወደው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ደንገል። የሐይቁ ነው፣ ታንኳ የሚሠራበት ነው፣ የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን እጅ ያረፈበት ነው። ሶፍት የሚቀመጥበት አንድ የደንገል ቅርጫት፣ ወይም ለጎብኚ የሚሸጠውን ትንሿን ታንኳ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ። የፕላስቲክ አበባ አቧራ ይዞ ከሚቀመጥ ይህ ስንት ጊዜ ይበልጣል። ከውሃ ርቆ ይቀመጥ እንጂ። ታንኳ እንኳ ውሃ ሲጠጣ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ቅርጫትሽንም አልፎ አልፎ አውጥተሽ አድርቂው። ከዚህ ሌላ አንድ ልመና አለኝ። የገዳማቱን የግድግዳ ሥዕል የሚመስሉ የመላእክት ሥዕሎች በየሱቁ ይሸጣሉ፣ ያምራሉም። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን አይሰቀሉ። መስቀል ያለበት ጥልፍም እንዲሁ። ሰው ምንም ሳይልሽ ቅር ብሎት ይወጣል፣ ቅርታውም ተገቢ ነው።

ማንጠልጠያውን ሁለት አድርጊው። አንዱ ከፍ ብሎ ለነጠላና ለቦርሳ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ለልጅ ጃኬት። የሚለጠፈውን ሳይሆን በብሎን የሚታሰረውን። ስልክ የሚቀመጥባት የእጅ መዳፍ የምታህል መደርደሪያም አትርሺ።

ስለ ጽዳት አንድ ከባድ ነገር ልንገርሽ። ሽንት ቤት ለማጽዳት የሚሸጠውን አሲድና በረኪናን አንድ ላይ የሚያፈሱ አሉ። ከሁለቱ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ መርዝ ነው፣ በዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ይጎዳል። የምታጸዳልሽ ልጅ ካለች ቁጭ አድርገሽ ንገሪያት። ፍሳሹ የሚገባበትን ጉድጓድም አከራይሽን ጠይቂ። ሐይቁ ዳር ነሽ፣ ወደ ጣና የሚሄድ ቱቦ መኖር የለበትም። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ምን እንዳደረገን አይተናል፣ እሱን የሚያደልበው ደግሞ ወደ ውሃው የሚገባው ቆሻሻና ማዳበሪያ ነው።

ከአከራይሽ ጋር ወለሉንና ፋኑን ከመጀመርሽ በፊት ተነጋገሪ። ቤቱ ላይ የሚቀር ሥራ ስለሆነ ከኪራይ ላይ የሚታሰብልሽ ነገር ካለ ውሉ ላይ ይጻፍ። መስታወቱ፣ አምፖሉ፣ መደርደሪያው ግን ያንቺው ነው፣ ስትለቂ ይዘሽው ትሄጂያለሽ።

ያልጻፍሽው ነገር በሩ ወዴት እንደሚከፈት ነው። ወደ ውስጥ ከሆነ ግማሹን ክፍል እሱ ይዞታል፣ ወደ ውጭ እንዲከፈት ማጠፊያውን ማዛወር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የበሩንና የመስኮቷን ፎቶ ከነቁመታቸው ለጥፊልኝ፣ ፋኑ የት ጋ እንደሚቀመጥ ምልክት አድርጌ እመልስልሻለሁ።