ጋሽ ካሴትን ጠይቁት፦ ከልቦለድ የወጡ ዘፈኖች

ጋሽ ካሴት፦ በሉ፣ በቃሌ መሠረት መጥቻለሁ። የዛሬው ወሬ ከዘመናዊያኑ ልቦለዶች ስለወጡ ዘፈኖች ነው። ዘመናዊያን ስል እንደ አየርላንዱ ጆይስ፣ እንደ ፈረንሳዩ ካሙ፣ እንደ ሩሲያው ቡልጋኮቭ ያሉትን ደራሲዎች ማለቴ ነው። ተረኩን ሰባብረው የሰው ጭንቅላት ውስጥ የገቡትን። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዘፋኙና በዘፈኑ ውስጥ «እኔ» የሚለው ሰው አንድ አይደሉም። ዛሬ ይህን ሳልደግመው አልውልም። ጠይቁ።

እንግዳ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ወር አልሞላኝም። ለጀማሪ የትኛውን ዘፈን ይመክሩኛል?

ሳቢያን፦ «ይመክሩኛል» ሃሃ። አቦ ድሬ ነው ያለኸው፣ አንተ በለው።

ጋሽ ካሴት፦ አንተ በለኝ፣ አልቀየምም። ከእንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ከኬት ቡሽ «ዘ ሰንሹዋል ወርልድ» ጀምር። ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል፣ ያኔ እመለስበታለሁ።

የባቡሩ ልጅ፦ ሜታሊካ «ፎር ሁም ዘ ቤል ቶልስ»ን ከሄሚንግዌይ ነው የወሰዱት አይደል?

ጋሽ ካሴት፦ አዎ። መጽሐፉ 1940፣ ዘፈኑ 1984። ኮረብታ ላይ ተከበው ከአየር የሚደበደቡት ተዋጊዎች ናቸው። ቀጣይ።

ከዚራ 7፦ እሺ እንጠይቅህ። ለምን ኬት ቡሽ?

ጋሽ ካሴት፦ እንዲህ ጠይቁኝ እንጂ። ጆይስ «ዩሊሲስ»ን ያሳተመው 1922 ፓሪስ ነው። በመቶ የሚቆጠር ገጽ ሙሉ ወንዶቹ ደብሊን ውስጥ ሲዞሩ ይውላሉ። መጨረሻ ላይ ሚስትየው፣ ሞሊ ብሉም፣ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ታስባለች። ነጠላ ሰረዝ የለ፣ ምን የለ። ስምንት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ ግን ከዚህ እስከ ለገሃር ይደርሳል። በ«የስ» ይጀምራል፣ በ«የስ» ያልቃል።

ኬት ቡሽ የአየርላንዷ ተዋናይት ሾባን ማኬና ይህን ክፍል ስታነበው ሰማች። የጀመረችው ዜማ ነበራት፣ ቃላቱ ልክክ አሉላት። የጆይስን ወራሾች ፈቃድ ጠየቀች። እምቢ አሏት። ሌላ ሰው ቢሆን ዘፈኑን ይጥለው ነበር። እሷ ግን የጆይስን ቃላት አውጥታ የራሷን ጻፈች፣ ታሪኩንም ሞሊ ከወረቀቱ ላይ ተነሥታ ወደ እውነተኛው ዓለም ስትወጣ አደረገችው። 1989 ወጣ። መሐሉ ላይ የምትሰሙት ጭፈራ የመቄዶንያ የሙሽራ ዜማ ነው፣ የሚጫወተው ግን የአየርላንድ የከረጢት ዋሽንት። ከዚያ ለ2011ዱ አልበሟ እንደገና ጠየቀች፣ በዚህኛው ፈቀዱላት፣ «ፍላወር ኦፍ ዘ ማውንቴን» ብላ በጆይስ ቃላት ደግማ ቀዳችው። አሁን ደምሩ። ጆይስ የሞተው 1941 ነው። አውሮፓ ውስጥ የደራሲ መብት ከሞት በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ሊያበቃ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ነው የቸሩት!

ለእኔ ግን እምቢ የተባለችበት ይበልጣል። በሁለተኛው መጽሐፉን ታነባለች። በመጀመሪያው ከመጽሐፉ ጋር ታወራለች።

ካሴት እቀዳ በነበረ ጊዜ የሆነ ነገር ልንገራችሁ። ባለ ሁለት ዴክ ቴፕ ነበረኝ። በግንቦት ሙቀት ክሩ ይላላና ዘፋኙ ሁሉ የታመመ ይመስላል። አንድ ቀን ይህንን ዘፈን ለደንበኛ ስቀዳ፣ ግድግዳ የምንጋራው ልብስ ሰፊ ሴትዮ መኪናዋን አቆመች። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አታውቅም። ዘፈኑ ውስጥ ኬት ቡሽ «ምም፣ የስ» እያለች ትመላለሳለች። ሴትዮዋ ሰማች፣ ሰማችና ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ «እ» አለች። ያቺን የእኛን በትንፋሽ የምትባል አዎ፣ ፈረንጅ ሲሰማት የደነገጥን የሚመስለውን። «እንደኛ ነው እኮ አዎ የምትለው» አለችኝ። ስለ ሞሊ ብዙ ትንታኔ አንብቤአለሁ፣ ከዚህ የተሻለ ግን አላገኘሁም።

የባቡሩ ልጅ፦ ፈቃድ የተከለከለ ሌላ አለ?

ጋሽ ካሴት፦ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ። የኦርዌልን «1984» የመድረክ ሙዚቃ ሊያደርገው ነበር፣ የደራሲው ሚስት ከለከለችው። የተረፉት ዘፈኖች 1974 «ዳይመንድ ዶግስ» የሚለው አልበሙ ላይ ገቡ። ኦርዌል ዘመናዊያን ውስጥ ይገባል አይገባም ብላችሁ እንዳትነታረኩብኝ።

ጩጬ፦ ጋሽ ካሴት አሪፍ ዘፈን ጠቁመን።

ጋሽ ካሴት፦ ምን ዓይነት አሪፍ? ከምን መጽሐፍ? ይህ ጥያቄ አይደለም። ቀጣይ።

ጀጎል፦ የእኔ ጥያቄም ቅሬታም ነው። «ዘ ኪውር» የሚባሉት የእንግሊዝ ባንድ «ኪሊንግ አን አራብ»፣ ማለትም «ዓረብ መግደል» የሚል ዘፈን አላቸው። አባቴ የመናዊ ነው። ርዕሱን ሳየው ገና ሳልሰማው አመመኝ። ይህም ከመጽሐፍ ነው አሉኝ።

ጋሽ ካሴት፦ ርዕሱ ክፉ ነው፣ በዚህ አልከራከርህም። መጽሐፉ የካሙ «ለትራንዤ» ነው፣ 1942። የሽመንደፈር ልጆች በፈረንሳይኛ ነው ያነበብነው፣ ያውም ተገደን። መርሶ የሚባል ሰው አልጄሪያ ባሕር ዳር ላይ አንድ ዓረብ በጥይት ይገድላል። ለምን ሲሉት በፀሐዩ ምክንያት ነው ይላል። ድሬ ላይ በግንቦት ቀትር ከከዚራ መጋላ በእግሩ የሄደ ሰው ግማሹ ይገባዋል። ሌላው ግማሽ ለማንም አይገባም፣ መጽሐፉ የተጻፈውም ለዚያ ነው። የዘ ኪውሩ ዘፋኝ ሮበርት ስሚዝ 1978 ያቺን የባሕር ዳር ቅጽበት በመርሶ አፍ ዘፈናት።

ማስጠንቀቂያዬን ልድገማት፦ በመርሶ አፍ። ይህ ለእኛ ሊከብደን አይገባም ነበር። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። አንዱ «ተቀበል!» ይላል፣ ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው «እኔ» እያለ ያዜመዋል። ፍቅር ገደለኝ ሲል አዝማሪውን ሐኪም ቤት የሚወስደው የለም።

ጀጎል፦ አዝማሪ ቤት ግጥም ሰጪው ፊቱ ተቀምጧላ። ሁሉም ሰው ያየዋል። ዘፈኑን በሬዲዮ የሚሰማ ሰው ካሙን ከየት ያየዋል? ደግሞ ልብ በል፣ ገዳዩ ስም አለው፣ ሟቹ ስም የለውም።

ሳቢያን፦ ዘፈን ዘፈን ነው አቦ። ጨፍራችሁ ሂዱ።

ጀጎል፦ አንተ ላይ ተዘፍኖ ቢሆን እናይህ ነበር።

ሳቢያን፦ እኔ ላይ ማን ይዘፍናል፣ የባንክ ዕዳ እንኳን የለኝም።

ከዚራ 7፦ ከበርጫ ነው መሰለኝ የሚጽፈው፣ ተዉት።

ጋሽ ካሴት፦ ዝም በሉ። የጀጎል ነገር እውነት አለው። ግጥም ሰጪው አይታይም የሚለውን ከዚህ በፊት አላሰብኩትም፣ ተቀብያለሁ። ዘፈኑ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። መጽሐፉን ያላነበቡ ዘረኞች ወደዱት፣ ዓረቦች ደግሞ በትክክል ተቆጡ። 1986 አሜሪካ ውስጥ አልበሙ ላይ ዘፈኑ የዘረኝነት አይደለም የሚል ወረቀት እስከ መለጠፍ ተደረሰ። ስሚዝ ራሱ በኋላ መድረክ ላይ «ኪሲንግ አን አራብ» (ዓረብ መሳም) እያለ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «ኪሊንግ አናዘር» (ሌላ ሰው መግደል) እያለ ቀያየረው። ስለ ስሙ ከሆነ፣ አልጄሪያዊው ካሜል ዳውድ ያንተኑ ጥያቄ ይዞ 2013 ልቦለድ ጽፏል። የሟቹ ወንድም ነው የሚተርከው፣ ሟቹም ስም አገኘ፣ ሙሳ። ፈልገህ አንብበው።

ጀጎል፦ ሙሳ። አሁን ገባኝ። ዘፈኑን ግን አሁንም አልሰማውም።

ጋሽ ካሴት፦ መብትህ ነው።

የባቡሩ ልጅ፦ «ሲምፓቲ ፎር ዘ ዴቭል»ን (ለሰይጣን ማዘን) የዘፈኑት ሮሊንግ ስቶንስ ሰይጣን ያመልካሉ ይባላል። እውነት ነው?

ጋሽ ካሴት፦ አሁን እኮ ነው ስለ አዝማሪ ያወራሁት! ዘፋኛቸው ሚክ ጃገር የቡልጋኮቭን «ማስተር እና ማርጋሪታ» አንብቦ ነው። ቡልጋኮቭ ሞስኮ ውስጥ ከ1928 ጀምሮ እስኪሞት፣ እስከ 1940 ድረስ ጻፈው፣ መታተሙን ሳያይ ሞተ። በ1966 እና 67 ተቆራርጦ በመጽሔት ወጣ፣ እንግሊዝኛው 1967 መጣ፣ ዘፈኑ 1968። ፍጥነቱን እዩ። መጽሐፉ ውስጥ ሰይጣን በደንብ የለበሰ፣ ጨዋ እንግዳ ሆኖ መናፈሻ ላይ ወሬ ይጀምራል። ዘፈኑም እንደዚያው ራሱን በትሕትና ያስተዋውቃል። የሚያስፈራው ትሕትናው ነው። ዘፋኙ ሰይጣን አይደለም፣ አምላኪም አይደለም። በሰይጣን አፍ ነው። በ አ ፍ።

ጩጬ፦ ታዲያ ሰይጣን ካላመለኩ ለምን ዘፈኑለት?

ጋሽ ካሴት፦ ላይ ውጣና አንብብ።

እንግዳ፦ ሐረር ራምቦ ቤት ሄጄ ነበር። ስለ እሱስ ዘፈን አለ?

ጋሽ ካሴት፦ ራምቦ ገጣሚ ነው፣ የዛሬው ወሬ ስለ ልቦለድ ነው። ግጥሞቹን ብሪተን የሚባል እንግሊዛዊ በዜማ አውጥቶአቸዋል። በቃ።

ሳቢያን፦ ራምቦ ቤት የሚሉትም ራምቦ ያልኖረበት ነው እኮ። የህንድ ነጋዴ ቤት ነው።

ጀጎል፦ ቤቱ ባይሆን ሰውዬው ሐረር ኖሯል። 1880 ሲገባ ድሬ የት ነበረች?

ሳቢያን፦ ባቡር እየጠበቀች።

ጀጎል፦ እስከ 1902 ጠበቀች በላ።

የባቡሩ ልጅ፦ በባቡሩ አትምጡ።

ጋሽ ካሴት፦ እናንተ ሁለታችሁ ሐረር መንገድ ላይ ጨርሱት። ራምቦ እዚህ ሲመጣ ግጥም ካቆመ ቆይቷል፣ ቡናና ጠመንጃ ነው የነገደው። ከዘፈን ጋር ምን አገናኘው?

ከዚራ 7፦ የእኛውስ? ቴዲ አፍሮ «ማር እስከ ጧፍ»ን ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ነው የሠራው። ይህ አይቆጠርም?

ጋሽ ካሴት፦ ዘፈን ከልቦለድ ሲወለድ እንዲህ ነው፣ ይቆጠራል። ግን ሐዲስ ዓለማየሁ ዘመናዊያኑ ውስጥ አይገቡም፣ 1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሙሉ ወግ ያለው ትረካ ነው። የዘፈኑ አቀባበል ግን ይገርመኛል። 2009 ዓ.ም. ሲወጣ መጽሐፉን ያላነበበው ሁሉ ሰብለንና በዛብህን ያውቃቸው ነበር። ለምን? ብዙው ሕዝብ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ ነው የሰማው። ከጆሮ የገባ ልቦለድ ወደ ጆሮ ሲመለስ ማስተዋወቂያ አይፈልግም። ጀጎል ያልከው ግጥም ሰጪ እዚህ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጧል። «ማን ነው ይሄ?» ያለ ሰው አልሰማሁም።

ከዚራ 7፦ ታዲያ ከ«አደፍርስ» ለምን ዘፈን አልወጣም?

ጋሽ ካሴት፦ ይህቺን ስጠብቅ ነበር። ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን 1962 ዓ.ም. አወጣው። የእኛ ዘመናዊ ልቦለድ እሱ ነው። ሰው ግን ሊያነበው ጀምሮ ይተወዋል፣ እናንተም ውስጥ አላችሁ፣ ስም አልጠራም። ሰዎቹ ይከራከራሉ፣ ሐሳብ ሐሳብን ይቆርጣል፣ ታሪኩ የት እንደደረሰ ይጠፋችኋል። ዘፈን ለመሥራት ግን ታሪኩን ጨርሶ መያዝ አያስፈልግም። ኬት ቡሽ «ዩሊሲስ»ን በሙሉ አልዘፈነችም። አንዲት ሴት፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ቃል። ከ«አደፍርስ» አንድ ሰው አንድ ክርክር ብቻ ይዞ ቢነሣ፣ መልሱን ለአዝማሪ ቢሰጠው፣ ክርክሩ ራሱ «ተቀበል» ነው እኮ! አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይመልሳል። ባለ ሁለት ድምፅ ዘፈን ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ይህንን ለዘፋኝ ሁሉ ተናገርኩ። ሁሉም «አሪፍ ሐሳብ ነው ጋሼ» ብሎኝ ይሄዳል።

ሳቢያን፦ አሪፍ ሐሳብ ነው ጋሼ።

ጋሽ ካሴት፦ ጥፋ ከዚህ።

ጩጬ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው፣ ለጀማሪ የትኛው ዘፈን ይሻላል?

ጋሽ ካሴት፦ ወላሂ ልዘጋው ነው።

እንግዳ፦ ጋሼ፣ ያልከኝን አሁን ሰማሁት። ስልኩን ከፍ አድርጌው ስለነበር እናቴ ከጓዳ ሰማችው። «ምንድን ነው የምትለው?» አለችኝ። «አዎ ነው የምትለው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ባሏን ነው ወይስ ሌላ ሰው?» አለችኝ።

ጋሽ ካሴት፦ አቦ! ሞሊ ራሷ መጨረሻው ገጽ ላይ ባሏንና የልጅነት ወዳጇን ቀላቅላ ነው የምታስባቸው። እናትህን ሰላም በልልኝ። መጽሐፉን ግን ጮክ ብለህ እንዳታነብላት።

እንግዳ፦ ለምን?

ጋሽ ካሴት፦ መጀመሪያ ብቻህን አንብበው።