የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በፕሌይንስ፣ ጆርጂያ ከየትኛው ቤት እንጀምር?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የምንኖረው በአትላንታ አቅራቢያ ነው። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርን ድርጅታቸው በአገራችን በትራኮማና በጊኒ ትል ላይ ባካሄደው ዘመቻ ስለምናውቃቸው፣ ልጆቻችንን ይዘን የትውልድ ከተማቸውን ፕሌይንስን ለማየት አስበናል። ይሁንና ቀድመውን የሄዱ ወዳጆቻችን «አንድ ረድፍ ሱቅና የኦቾሎኒ መጋዘን ነው፤ መንገዱን አያክልም» አሉን። ሊታይ የሚገባው የቆየ ሕንፃ አለን? ካለስ ከየትኛው እንጀምር?

መልስ፦ ወዳጆቻችሁ ያዩትን አልተሳሳቱም፤ የከተማዋ ነዋሪ ከአንድ ሺህ በታች ነው፣ ቤተ መንግሥት የሚመስል ቤትም የላትም። ነገር ግን ያ የሱቅ ረድፍ ለምን እዚያ እንደቆመ ሳያውቁ ማለፋቸው ያሳዝናል። የቀድሞው መንደር ከዛሬው ሥፍራ ወጣ ብሎ የነበረ ሲሆን፣ ከትንቢተ ዳንኤል በተወሰደ ስም «የዱራ ሜዳ» ይባል ነበር። በ1880ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የባቡር ሐዲድ በአቅራቢያው ሲዘረጋ ነጋዴዎቹ ወደ ሐዲዱ ተዛወሩ፤ ስሙም አጥሮ ፕሌይንስ ተባለ፤ በ1896ም ሥፍራው በሕግ ከተማ ሆነ። የጡብ ሱቆቹ ፊታቸውን ወደ ሐዲዱ ያዞሩት፣ የአካባቢው ገበሬ ምርትም ሆነ የነጋዴው ሸቀጥ የሚያልፈው በዚያ ስለነበር ነው።

ስለዚህ ከባቡር ጣቢያው ጀምሩ። በ1888 የተሠራው ይህ የእንጨት ቤት ተሳፋሪ ማስተናገድ ያቆመው በ1951 ነው። በ1976 ካርተር ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ የምርጫ ዘመቻቸው ጽሕፈት ቤት አደረጉት፤ ለዚህም የሚሰጠው ምክንያት በከተማዋ ከነበሩት ባዶ ሕንፃዎች መካከል መጸዳጃ ቤት ያለው እርሱ ብቻ መሆኑ ነው። ልጆቻችሁ ከሁሉ ይልቅ ይህንን ሳያስታውሱ አይቀሩም።

ጊዜያችሁ ለአንድ ቦታ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን፣ በእኛ አስተያየት ጣቢያውንም ትታችሁ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አርቸሪ ብትሄዱ ይሻላል። የካርተር ቤተሰብ በ1928 የገባበትና እስከ 1949 የኖረበት የእርሻ ቤት ያለው እዚያ ነው። ጥጥ፣ ኦቾሎኒ፣ በቆሎና ሸንኮራ አገዳ ይመረትበት የነበረው ይህ እርሻ የባለጠጋ ይዞታ ቢሆንም፣ በ1935 በነፋስ የሚሠራ የውኃ መሳቢያ እስኪተከል ድረስ ቤቱ ውስጥ የቧንቧ ውኃ አልነበረም፤ የገላ መታጠቢያቸውም ቂጡ የተበሳሳ ባልዲ ነበር። ኤሌክትሪክ የገባው በ1938 ነው። ከቤቱ አጠገብ ለእርሻው ሠራተኞች ሸቀጥ ይሸጥ የነበረው ሱቅ፣ የአንጥረኛው ሥራ ቤትና ጎተራውም ይታያሉ፤ አባትየው ያሠሩት የቴኒስ ሜዳ ሳይቀር አለ።

ከዚያው ግቢ ሳትወጡ የጃክና የራቸል ክላርክን ቤት እዩ። ጃክ በቅሎዎቹን የሚጠብቅና ጎሕ ሳይቀድ ደወል ደውሎ ሠራተኛውን የሚቀሰቅስ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ ካርተርም ወላጆቻቸው ሲርቁ በዚህ ቤት ያድሩ እንደነበር ደጋግመው ተናግረዋል። በጌታውና በሠራተኛው ቤት መካከል ያለውን ልዩነት ያለ አስረዳጅ ማየት ይቻላል። በዚያ ዘመን የደቡቡን እርሻ በአብዛኛው ያርሰው የነበረው መሬት የሌለው ጭሰኛ ነውና፣ «መሬት ላራሹ»ን የሚያስታውሱ አያቶች አብረዋችሁ ከመጡ ጥያቄ አያልቅባቸውም። አርቸሪ ራሷ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር የነበረ መንደር ስትሆን፣ ጳጳስ ዊልያም ዴከር ጆንሰን ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ያቋቋሙት በዚህችው መንደር ነው። ይህን ማወቃችሁ በከተማዋ ውስጥ ያለውን፣ በ1921 የተሠራውንና ዛሬ ሙዚየም የሆነውን የጡብ ትምህርት ቤት ስታዩ ይጠቅማችኋል፤ ካርተር በተማሩበት ዘመን የሚቀበለው ነጮችን ብቻ ነበርና።

ጥያቄ፦ ካርተር የተወለዱት በዚሁ እርሻ ቤት ነው የሚባለው እውነት ነውን?

መልስ፦ አይደለም። ጥቅምት 1 ቀን 1924 የተወለዱት እናታቸው ሊሊያን በነርስነት ይሠሩበት በነበረው በዋይዝ ሆስፒታል ነው፤ በዚህም በሆስፒታል የተወለዱ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ሕንፃው በኋላ የአረጋውያን መንከባከቢያ ስለሆነ ከውጭ አይቶ ማለፍ ጨዋነት ነው። ከባለቤታቸው ከሮዛሊን ጋር በ1946 የተጋቡበት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያንም በከተማዋ ውስጥ አለ።

ጣቢያውን፣ ትምህርት ቤቱንና እርሻውን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ የመግቢያ ክፍያ አይጠይቅም። መኪና መንዳት የሰለቻችሁ እንደሆነ፣ ከኮርዲል ተነሥቶ በፕሌይንስ በኩል እስከ አርቸሪ የሚሄድ የጎብኚዎች ባቡር አለ፤ በየቀኑ ስለማይሠራ ግን መርሐ ግብሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።