ድንች ያበቅላል፤ የበግ እግር ለምን አያበቅልም? ስለ ሕዋሳት ጥያቄና መልስ

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሕዋሳት እንዴት የየራሳቸውን ሥራ እንደሚይዙ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጎጃም ከየወረዳው ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን እነሆ።

ጥያቄ (የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ቡሬ)፦ መምህር፣ ሁላችንም የተነሳነው ከአንድ ሕዋስ ነው። ታዲያ የዓይኔና የጉበቴ ሕዋስ ለምን ተለያየ? ዲኤንኤውን ተከፋፍለውት ነው?

አይደለም ልጄ። ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን፣ ማለትም የሰውነት መመሪያ የተጻፈበትን ሞለኪውል፣ ያባዛል፤ ሁለቱም ሙሉውን ይወርሳሉ። ጂን የዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ነው። የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው የኢንሱሊን ጂን ዓይንሽ ውስጥም አለ፤ ግን እዚያ ዝግ ነው። የሚሠራው ቆሽት ውስጥ ባሉ የተወሰኑ ሕዋሳት ነው። ልዩነቱ ያለው በሚከፈቱትና በሚዘጉት ጂኖች ላይ ነው።

ጆን ገርደን የተባለ እንግሊዛዊ ይህን በእንቁራሪት አሳይቷል። ገና ጭራ ካለው የእንቁራሪት ልጅ የአንጀት ሕዋስ ኒውክለስ (ዲኤንኤው የሚቀመጥበትን የሕዋስ ክፍል) ወሰደ፤ የራሱ ኒውክለስ እንዳይሠራ የተደረገ እንቁላል ውስጥ ከተተው። አብዛኞቹ ሙከራዎች አልሰመሩም። ጥቂቶቹ ግን አድገው ጤነኛ እንቁራሪት ሆኑ። ውጤቱ የታተመው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። የአንጀት ሕዋስ ለሙሉ እንቁራሪት የሚበቃውን መረጃ አንድም ሳይጥል ይዞት ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን ሙከራ ባስተማርኩ ቁጥር ይገርመኛል።

ጥያቄ (ደምበጫ)፦ «አንተ ነርቭ ሁን» የሚለው ማነው?

በአብዛኛው ጎረቤቶቹ። ጽንስ ውስጥ ሕዋሳት በኬሚካል መልእክት ይላላካሉ። ለምንጩ የቀረበው ብዙ ይደርሰዋል፣ የራቀው ጥቂት። በዚያ መጠን የተለያዩ ጂኖች ይከፈታሉ።

ጥያቄ (አርሶ አደር፣ ሰከላ)፦ ድንች ከፋፍለን ስንተክል ይበቅላል። የበግ እግር ቢቆረጥ ግን አያበቅልም። ለምን?

ከደረሱኝ ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ይህ ነው። ድንቹን እጅዎ ላይ አገላብጠው ይዩት። ድንች ሥር አይደለም፤ አፈር ውስጥ ያበጠ ግንድ ነው። ጎድጎድ ያለው ዓይኑ ላይ እምቡጥ አለ፤ እዚያ ገና ሥራ ያልያዙ ሕዋሳት ተቀምጠዋል። ቅጠልም ግንድም መሆን ይችላሉ። ዓይን የሌለው ቁራጭ ግን በስብሶ ይቀራል። ባሕር ዛፍም ተቆርጦ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው እንዲህ ካሉ ሕዋሳት ነው።

በግ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። አጥንቱ፣ ጡንቻው፣ ነርቩ ሁሉም ሥራውን ይዟል። ቁስሉ ይድናል፣ ጠባሳ ይሆናል፤ እግር ግን አይወጣም። ጉበት ከፊሉ ቢቆረጥ እንኳ መልሶ ያድጋል፤ ሁሉም አካል እኩል አይደለም።

ጥያቄ (ሞጣ)፦ ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስ ከሌለው እንዴት ሕዋስ ይባላል?

ሲፈጠር ነበረው። መቅኔ ውስጥ ሲያድግ ነው አውጥቶ የሚጥለው። ቦታው ኦክስጅን ለሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይለቀቃል፣ ሰውነቱም ተለማጭ ሆኖ በቀጭኑ የደም ሥር ያልፋል። ግን መከፈልም ራሱን መጠገንም አይችልም። 120 ቀን ያህል ሠርቶ ጣፊያና ጉበት ውስጥ ይፈርሳል። የዶሮ ቀይ የደም ሕዋስ ግን ኒውክለሱን እንደያዘ ነው።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። «ስቴም ሴል» የሚሉት እንክብል ያድናል አሉኝ። ልግዛ?

እባክዎ አይግዙ። ስቴም ሴል ገና ሥራ ያልያዘ፣ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መሆን የሚችል ሕዋስ ነው፤ የሰው ስቴም ሴል ደግሞ ደርቆ እንክብል ውስጥ በሕይወት አይቆይም። እውነተኛው ሳይንስ ግን አለ፦ ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በ2006 እ.ኤ.አ. የአይጥ ቆዳ ሕዋስን በ4 ጂኖች ወደ ጽንስ መሰል ሁኔታ መልሶታል፤ በ2012 ከገርደን ጋር ኖቤል ተሸልሟል። መቅኔ ውስጥ ባሉ ስቴም ሴሎች የሚሠራው የመቅኔ ንቅለ ተከላም ለደም ካንሰር ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። እነዚህ ሐኪም ቤትና ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። ገንዘብዎን ለመድኃኒትዎና ለክትትልዎ ያውሉት፤ ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነም እንዳያቋርጡ።